ሳምንት የነበረው የሻሸመኔ መንገድ

አዳማ ስልክ ቤት ሥራ በጀመርኩ ቀን አለቃዬ ባሻ ደምሴ ሦስት ነገር አስተማሩኝ። እጀታውን ቀስ አድርገህ አዙር፤ የሰማኸውን ቃል ለደወለው መልሰህ ንገረው፤ የሞት ወሬ ከመጣ ደግሞ ለሐዘንተኛው «ታመዋል» በል። ሁለቱን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ሦስተኛውን ከቤቴም ስለማውቀው አልከበደኝም።

ደግ ሥራ ነበር። ከአዳማ ሻሸመኔ በበቅሎ የሳምንት መንገድ ነው። «ታመዋል» የተባለው ሰው በየማደሪያው እያሰበ፣ ልቡ ቀስ በቀስ እየጠረጠረ ይሄዳል። ዘመዶቹም እስከ መጨረሻው ማደሪያ ወጥተው ይጠብቁትና ንጋት ላይ ግራና ቀኝ ይዘው ያረዱታል። ስለዚህ እኛ ስልከኞች እንዋሻለን ብለን አናውቅም።

ኦቦ ቱሉ ከባቡር ጣቢያ ጨውና አቡጀዲ ጭነው ሻሸመኔ የሚያወርዱ ነጋዴ ነበሩ። አዳማ በመጡ ቁጥር በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለው ሻሸመኔ ስላለችው አንድ ልጃቸው ስለ ጫልቱ ያወሩኛል። አንድ ጊዜ ድምጿን በስልክ ካሰማኋቸው ወዲህ፣ ድምጿን ካመጣህ እሷንስ ለምን አታመጣትም እያሉ ሲያበሽቁኝ ከረሙ።

በዚያ ሰሞን ወደ ደቡብ የምትሄድ አውሮፕላን ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ አረፈች። ነጂው ፈረንጅ ሻሸመኔ ምን ያህል እንደሚርቅ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። ማደሪያዎቹን በስማቸው ስዘረዝርለት ሳቀ። ካርታው ላይ በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፣ ነገ በዚያው አልፋለሁ አለኝ። ማታውኑ ይህን ለኦቦ ቱሉ ለጨዋታ ያህል ነገርኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት የሻሸመኔው ስልከኛ ደወለ። ጫልቱ በወባ ሞታለች፤ አባቷን «ታማለች» በላቸው፤ ዘመድ ወጥቶ ይቀበላቸዋል አለኝ። መልሼ ነገርኩት፤ ትክክል ነው አለ። ኦቦ ቱሉን አስጠርቼ እንደ ደንቡ ነገርኳቸው። ምን አመማት ሲሉኝ ወባ አልኩ።

በቅሎ አልጫኑም። ከግሪኩ ሱቅ ኪኒን ገዙና ይዟቸው እንዲሄድ ፈረንጁን ለምነው እሺ አሰኙት። ይህን ሰምቼ ሜዳው ላይ ስደርስ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ዛሬውኑ እደርስላታለሁ» አሉኝ። «አንተው አይደለህ የነገርከኝ?»

ሮጬ ባሻን ጠራኋቸውና እንንገራቸው አልኩ።

«እዚህ ማን ዘመድ አላቸው? ማን ደግፎ ያርዳቸዋል?» አሉ ባሻ።

በዚህ መካከል አውሮፕላኗ ተነሳች። ስልክ ቤት ተመልሼ፣ ሻሸመኔ ያሉትን ዘመዶች ቀድማችሁ ተቀበሏቸው ልላቸው እጀታውን ባዞር መስመሩ ዝም አለ። ምስጥ የበላው የስልክ እንጨት ወድቆ ሽቦውን በጥሶት ኖሯል።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ኦቦ ቱሉ ኪኒኑን በመሐረብ ቋጥረው ከሜዳው እስከ ቤታቸው ሮጡ። ሊቀበላቸው የተመደበው ዘመድ ገና በቅሎውን አልጫነም። ደጃፉ በለቅሶኛ ተሞልቷል። እሳቸው ግን ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መስሏቸው «አይዟችሁ፣ መድኃኒት ይዣለሁ» እያሉ በመካከል አልፈው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ አዳማ ሲመጡ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ በረንዳችን ላይ ግን አልተቀመጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መርዶን የምናዘገየው መንገዱ ረጅም ስለነበረ ነው። መንገዱ ባጠረ ቀን እውነቱን እዚያው ሜዳው ላይ፣ ዘመድ ባይኖራቸውም እኔና ባሻ ይዘናቸው መናገር ነበረብን።