ወደ ግራ የተፈተለ ገመድ

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። የሐይቁን ውኃ ይጨርሳል ብለው የመስኖ ሞተር የሰበሩ ወጣቶች በሕዝብ ንብረት ማውደም ተከሰው፣ ወላጆቻቸው ሽማግሌ ፍለጋ ጠርተውን ነው። አቶ እሸቱ ተነሣ። «እኛም በልጅነታችን ለውኃ ስንል ባሕር ዛፍ ነቅለናል» አለ። ተጨበጨበለት። «እኛ» ያላት ቃል እስካሁን አልተዋጠችልኝም።

ነገሩ የሆነው መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ ነው፤ ጦርነቱ ጎረምሳውን እያፈሰ የሚወስድበት ጊዜ። መንደራችን ከውጫሌ በላይ ነው። የታችኛው መንደር ምንጭ ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ደርቆ፣ ሴቶቹ ከእኛ ይቀዱ ጀምረዋል። ገበሬ ማኅበሩ ግን በእኛም ምንጭ ራስ ላይ ያንኑ ችግኝ አስተከለ። እኔ መስከረም ሲጠባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነበር። ከቤታችን እዚያ የደረሰ አልነበረም።

እንንቀለው ያለው እሸቱ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ። የክፍል ጓደኛዬ ዘይነባ ሳቀችበት።

«አንተ ጀግና! ውሻ ሲጮህ እናትህ ቀሚስ ሥር የምትገባው አይደለህ?»

ገበሬው ሁሉ ስብሰባ በገባበት ቀን ሦስታችን ወጣን። የሐምሌ ጭቃ ጫማችንን ያወልቅ ነበር፤ በኪሳችን የያዝነው የሽምብራ ቆሎ በዝናቡ ራሰ። ችግኙን ነቀልን፤ መጣል ግን አልሆነልንም። በእኛ አገር ሥር ያለውን ነገር ሜዳ ላይ አይጥሉትም። ሥሩን በእርጥብ ሣር ጠቀለልን፣ ራቁቱን በቀረው ኮረብታ ሰው ይተክለዋል ብለን መንገድ ዳር አስቀመጥን። የሣሩን ገመድ የፈተልሁ እኔ ነኝ። እናቴ ግራኝ ስለነበረች በቤታችን ገመድ የሚፈተለው ወደ ግራ ነው። ስቋጥር እሸቱ እንዳይላላ ጣቱን ጭኖ ያዘልኝ።

ችግኙ ተገኝቶ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ሰብሳቢው የችግኙን እስር ብድግ አድርጎ እሸቱን ጠየቀው።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«የእነ ተዋበች ቤት ነው። ወደ ግራ የሚፈትሉ እነሱ ብቻ ናቸው» አለ ስሜን ጠርቶ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እሱም አብሮን ነበር» አልሁ። የሰማኝ የለም። ዘይነባ ግን ማንም ሳይጠራት «እኔም ነቅያለሁ» ብላ ተነሣች።

ሰብሳቢው «ተናደው ቢሆን ይሰባብሩት ነበር። ጠቅልለው ማስቀመጣቸው አስበውበት ነው» ብሎ ፈረደ። መራራታችን ማስረጃ ሆነብን።

ወደ ውጫሌ እስር ቤት ሲወስዱን አለቀስሁ። ዘይነባ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«አብሽሪ! ወላሂ እሱ ቢዘምት ለጠላት መንገድ ይመራ ነበር።»

ያኔ ጥፋተኛ የተባለ ጎረምሳ ቀድሞ ይዘምት ነበር፤ እሸቱ አልዘመተም። ለምን እንደመሰከረ ያን ጊዜም ገብቶኛል፤ መግባቱ ግን አላበረደኝም። ከእስር ስንወጣ ትምህርት ቤቱ አልቀበልም አለን። ችግኙን መልሰው ተከሉት። ምንጩ ዛሬ ድንጋይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአዳራሹ ስወጣ እሸቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ተዋቡ፣ ዳኛው ፊት አብረን ብንቀርብ ልጆቹን ይተዋቸው ይሆናል።»

«እቀርባለሁ። ያኔ ዋርካው ሥር ማን ምን እንዳለም እናገራለሁ።»

አሁንም መሬት መሬት ያይ ነበር።

ቀጠሮው ነገ ነው። ከተከሳሾቹ አንዷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት አሉኝ። እሸቱ ይምጣ ይቅር አላውቅም፤ እኔ ግን ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኝ ግቢውን ስዞር ውያለሁ። ቆም ብዬ እጄን ባየው፣ ከአጥሩ ሥር የነጨሁትን ሣር ወደ ግራ እየፈተለ ነው።