አምስተኛው ብሬከር

«ስልኩ አራተኛ ነው ያለኝ!» አለች አስቴር፣ ነጩን ዘንጓን በቢሮው ወለል ላይ እየመታች። «ከአራተኛው ብሬከር በኋላ ወራጅ አለ ይበሉ ነው ያለኝ። እኔ ቁጥር አይጠፋብኝም።»

«እሺ፣ እንስማው» አሉ ኃላፊያችን አቶ ማርቆስ። ለሙከራ የሰጠናትን ስልክ ነኩት። የእኔ ድምፅ ወጣ፦ «ከአምስተኛው ብሬከር በኋላ…»

አስቴር ዘንጓን መምታት አቆመች።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባት ስለሌለኝ ለምታነቡኝ እናዘዛለሁ። ያ ድምፅ አምስተኛ ያለው እሷ ከወደቀች በኋላ ነው። የቀየርኩት እኔ ነኝ።

ዓይነ ስውራን በሀዋሳ ባጃጅ ብቻቸውን እንዲሄዱ የሚረዳ የስልክ መንገድ መሪ እየሠራን ነበር። መንገዱን እየዞርኩ መመሪያውን በድምፄ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ግጥም ስለምሞክር «ቃል ያውቃል» ተባልኩ። ቃል እንጂ መንገድ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ «ሰማያዊው በር ፊት ለፊት» ብዬ ብቀዳ አስቴር ሳቀችብኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም፤ ታቦር ነው የምትኖረው፤ የለመደችውን መንገድ ሁሉ ብቻዋን ትሄዳለች።

«ሰማያዊው ምን ይላል? ይጮኻል?» አለችኝ። ባጃጁ በየብሬከሩ ጉብታ ላይ ሲነጥር እየቆጠረች እንደምትወርድ የነገረችኝ እሷ ናት። «ዓይንህን ጨፍነህ ቁጠር፣ ገጣሚው። ዓይን ሰነፍ ያደርጋል።»

ጨፈንኩ? እስከ ሁለተኛው ብሬከር ጨፍኜ ነበር። ከታቦር ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስንወርድ ሐይቁን ማየት አማረኝ፤ ገለጥኩ። አንድ ስንኝ መጣልኝ፤ ደብተሬን አወጣሁ። ቀና ስል ስንተኛው ላይ እንደደረስን አላውቅም። ተመልሼ መቁጠር አንድ ጊዜ ባጃጅ መሳፈር ብቻ ነበር። እኔ ግን አራት ብዬ ቀዳሁ። ስንኙን ዛሬ አላስታውሰውም።

አስቴር ያን መንገድ ሄዳበት አታውቅም። ዓሣ ልትገዛ ብቻዋን ወጣች፣ በአራተኛው ወረደች፣ መንገድ ዳር ያለ ክፍት የጎርፍ ዲች ውስጥ ገባች። ጉልበቷ ተላጠ። ጉልበት ይድናል። እኔ በማግስቱ «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብዬ ስልኩን ወሰድኩ፤ መንገዱን ሄጄ ቆጠርኩ። አምስት። እንደገና ቀዳሁ፣ የመጀመሪያውን አጠፋሁ።

ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ። ግን የቀዳው ፍርሃት አይደለም፣ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስንፍና ነበር። ሁለተኛውን ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሁለት ጊዜ ተለማምጄ ነው የሠራሁት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።

ያን ቀን ቢሮ ውስጥ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለቻቸው አቶ ማርቆስን። ደገሙላት። ጆሮዋን አዘነበለች።

«የመጀመሪያው ላይ ድምፅህ ይቸኩል ነበር» አለችኝ። «ይሄ ተረጋግቷል።»

«ደንግጠሽ ነው አስቱ። ተምታቶብሽ ነው።»

«አንተ ራስህ ቆጥረኸዋል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ» አለች። «መቁጠር ጠፍቶብኛል ማለት ነው።»

ብቻዋን ነበር የመጣችው። ዘንጓን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «አቶ ማርቆስ፣ ለእህቴ ይደውሉልኝ፤ መጥታ ትውሰደኝ» አለች። እህቷ እስክትመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ቃል የማውቀው ሰው ዝም አልኩ።

እህቷ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። የቢሯችንን ደረጃ አስቴር ስትወጣ ስትወርድ ቆጥራ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ስንት እንደሆነ ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። ኮሪደሩ ላይ ሆና እህቷን ስትጠይቃት ሰማሁ፦

«ደረጃው ስንት ነው?»

በሩ ተዘጋ።