ክታብ ውስጥ የገባው ጀግና

የማይቆስል ጀግና አልወድም። የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው ጥይት የማይበሳውን፣ ሕንፃ ቢወድቅበት አቧራውን አራግፎ የሚነሣውን ሰውዬ ሲያዩ እኔ ጋዜጣዬን እገልጣለሁ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ከሁሉም ይበልጣል!» ይሉኛል። ይብለጥ! ለነገሩ ምርጫው የእኔም አይደለም፤ የታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ሳያይ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሞጣ ላይ በዘጠኝ ዓመቱ ሞቷል።

ያን ጊዜ እኔ ብቸና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያከፋፍል ለእኔ አራት ኮሚኮች፣ በሥዕል የሚተረኩ የጀግና ታሪኮች፣ ደረሱኝ። ሸሚዝ የደረሰው ጓደኛዬ ሲስቅብኝ ዋለ። ለክረምቱ ዕረፍት ወደ ሞጣ በእግሬ ስጓዝ ኮሚኮቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኋቸው። ግንደ ወይን አድሬ በማግሥቱ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤታችን ስገባ እነሱ እንደ ደረቁ ነበሩ።

ወንድሜን በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከፋሲካ ወዲህ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ያብጣል፤ ከዚያ መደብ የሚወርደው በስንት መከራ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ልቡ ነው» ብሎ እንክብል ሰጥቶታል። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ሰባት ቀን ጾመው፣ በገዛ እጃቸው ብራና ላይ ጸሎት ጽፈው፣ የክርስትና ስሙን በቀይ ቀለም አስገብተው፣ በቆዳ አሰፍተው አንገቱ ላይ አሥረውለታል።

ክረምቱን ሙሉ አንባቢም አስተርጓሚም ሆንሁለት። እንግሊዝኛዬ የሚያወላዳ ስላልነበር ያልገባኝን ከራሴ እሞላዋለሁ። እናቴ አንድ ቀን ጎንበስ ብላ አየችና «ምነው ይሄ ሰውዬ ግልገል ሱሪውን ከላይ ለበሰው?» ብላ እየሣቀች ወጣች። የተሣቀበት የእኔ ጀግና ነበር። ይበርራል፤ ጥይቱ እንደ ቆሎ ከደረቱ ላይ ይረግፋል። ወንድሜ ግን ፊቱን አጨማደደ።

«ታዲያ ይሄ ምኑን ጀገነ? የማልወጋ ከሆነ እኮ እኔም አልፈራም።»

የእሱ ምርጫ ካባ ደርቦ ከጣራ ጣራ የሚዘለው ነበር፤ ምንም የተለየ ኃይል የሌለው። ይደበደባል፣ ይወድቃል፣ ያለከልካል። ከኮሚኮቹ በአንደኛው መጨረሻ ላይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ የቆሰለ ክንዱን፣ ጨርቁን በጥርሱ እየሳበ ያሥራል። ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንደገለጥሁለት አላውቅም።

«ትንፋሽ አጥሮት ነው፣ አይደል?» ይለኛል።

«አዎ።»

«ነገ ግን ይወጣል?»

«ይወጣል።»

እናት አለችው ወይ፣ ራቱንስ ማን ይሰጠዋል ብሎ ሁሉ ጠይቆኛል። ደግ ጎረቤት አለችው ብዬ ዋሸሁት።

ወደ ብቸና ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ክታቡን በጣቱ ነካ አደረገና «ሰውዬውን እዚህ ውስጥ ክተትልኝ» አለኝ።

«እዚያ ውስጥ እኮ ያባባ ጽሑፍ አለ።»

«እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይሄኛው ይዋጋል።»

እኔ ደግሞ ሳይንስ ተምሬያለሁ ብዬ ክታብ ምን ይሠራል ባይ ነበርሁ። አባቴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሳሉ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ሰዓት፣ ስፌቱን በመርፌ ፈታሁት። ሥዕሉና ብራናው አንድ ላይ አልገባ አሉ። አሰብሁበት፤ ብዙም አልቆየሁ። ክንዱን የሚያሥረውን ሰውዬ ከገጹ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ ከተትሁና መልሼ ሰፋሁት። ብራናውን የቤቱ ክዳን ሣር ውስጥ ሰካሁት። ያን ዕለት ወንድሜ ከመደቡ ወርዶ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ። ይሥቅ ነበር። እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

መርዶው የደረሰኝ በኅዳር ነው። ሁለት የሞጣ ነጋዴዎች ጎህ ሲቀድ የተከራየሁበትን ቤት አንኳኩ፤ በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። በክታብ ማመን የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱንም ቀን መንገድ ላይ አላለቀስሁም። አባቴ ሰባት ቀን የጾሙበትን አውጥቼ ብጣሽ ወረቀት አንገቱ ላይ አንጠልጥዬ ገደልሁት እያልሁ ብቻ ተጓዝሁ።

ቤት ስገባ ለቀስተኛው እንደ አዲስ አለቀሰ። አባቴ አቅፈውኝ «የምንችለውን ሁሉ አድርገናል ልጄ» ሲሉኝ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ሰው ቀለል ሲል ብራናውን የሰካሁበትን ቦታ በእጄ ዳሰስሁት። የለም። አይጥ ወስዶት ይሆናል አልሁና ይሄም ሌላ ኀጢአት ሆኖ ተጨመረብኝ።

የምመለስ ዕለት ጠዋት እናቴ ስንቄን ይዛ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ልንለያይ ስንል የወንድሜን ክታብ ከመቀነቷ ፈትታ አንገቴ ላይ ልታሥረው እጇን ዘረጋች። አፈገፈግሁ። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልሁም፤ ስፌቱን መፍታቴን፣ ሥዕሉን፣ ብራናውን፣ ሁሉንም ነገርኋት። «እኔ ነኝ የገደልሁት» አልኋት።

እናቴ አልጮኸችም። «ያደረግኸውንስ አውቃለሁ» አለች። «አንተ በሄድህ በሳምንቱ ቤቱ ቢያንጠባጥብ ክዳኑን ላስተካክል ብዬ ብራናውን አገኘሁት። ወንድምህን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ሥዕሉን ላወጣበት ብል አለቀሰብኝ። ሌላ ሰፋ ያለ ቆዳ ቆርጬ አንድ ላይ ሰፋሁለት። ለአባትህ አልነገርሁም።»

«ታዲያ ሲሞት...»

«ሁለቱም ነበሩበት» አለችኝ። «ያባትህም፣ ያንተም። ሁለቱም አላተረፉልኝም።»

ሸክሙ ይቀለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለለኝም። እነዚያን ሁለት ቀናት ስጓዝ ወንድሜ በእኔ ጥፋት የሞተ፣ እኔ ባላጠፋ ግን ይድን የነበረ ልጅ ነበር። አሁን ያም ቀረ። እናቴ ክታቡን አሠረችልኝና «በል ሂድ፣ መንገዱ ሳይመሽብህ» አለችኝ፤ ግን እሷም አልተመለሰች፣ መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ስንቄን መሬት አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ያን ዕለት ወደ ብቸና አልሄድሁም።