ከደወሉ በታች ያለው መስመር

ፔካ 12 ላይ ጫት የማይቅም አንድ ወንድ ቢኖር ባለሚዛኑ ጋሼ ነበር። በጫት ሰበብ ሊባረር የነበረውም እሱው ነው። እስኪ አሁን ይሄ ፍርድ ነው?

እኔ ያኔ የጭነት መኪና ሚዛን ለሚተክልና ለሚጠግን አንድ ትንሽ ድርጅት ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ቢሯችን ጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ሆኖ፣ ሚዛኑ ያለው ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ፔካ 12 ላይ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። መኪናው ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ ሳጥኗ ክብደቱን ታነባለች፣ ወረቀት ታትማለች፣ ከፊት ያለው ብረት ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል። ሳጥን የምላት የጫማ ካርቶን የምታክል፣ አርም የሚባል ፕሮሰሰር ያላት ኮምፒውተር ናት። ጋሼ አጠገቧ ተቀምጦ ይቆጣጠራል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አርሂባ ሰፈር ይኖራል። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን አንቱ ስለው "አቦ ሽማግሌ አታድርጊኝ!" ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ ነው የምለው።

አሁን ደወሉን ልንገራችሁ። ጅቡቲ ውስጥ ባለሥልጣን ይጠብቃል፣ ሙሽራ ይጠብቃል፣ የጫት መኪና ግን አይጠብቅም። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከድሬዳዋ በኩል ጥሩምባውን እያምባረቀ ሲመጣ ሁሉም ዳር ይይዝለታል። ከተማው በሙሉ ሰዓቱን እያየ እየጠበቀው ነዋ! ታዲያ ሚዛን ጣቢያው ላይ ማን ደፍሮ ያሰልፈው? ከእኔ በፊት የነበረው ፕሮግራመር ዘዴ ፈጠረ። የቤት በር ደወል መጫኛ ከገበያ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ በቡሎን አሰረው። ጋሼ ሲጫነው ለሚዛኑ ፕሮግራም ሲግናል ይላካል። ሲግናል ማለት "የያዝከውን ጣልና መጀመሪያ ይሄን ሥራ" የሚል ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙ የያዘውን ይጥላል፣ "ጫት፣ አልፏል" የሚል ወረቀት ያትማል፣ የጎኑን መንገድ ብረት ያነሳል፣ ከዚያ ወደተወው ሥራ ይመለሳል። ሌላ አገር ያለ ፕሮግራመር እንዲህ ያለ ነገር በሕልሙም አያስብም፤ እኛ ጋ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ልጁም ይህን ሠርቶ ውጭ አገር ሄደ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሳጥኗ አንዳንድ ቀን ድርቅ ትል ጀመር። ሁልጊዜ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ ልክ ጫቱ ሲመጣ። ወረቀት የለ፣ ብረት አይነሳ፤ ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል። ጋሼ አጥፍቶ ሲያበራት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ችኩል ነው፣ ራሱም ይቅማል። "ሰውየው መቃም ሲያምረው ማሽኑን ያቆማል" አለኝ።

"ጋሼ እኮ አይቅምም!"

"አይቅምም?" ብሎ ሳቀ። ጅቡቲ ውስጥ የማይቅም ወንድ አለ ብሎ ማሳመን፣ ዝናብ አለ ብሎ ከማሳመን ይከብዳል።

ነገሩ ለጋሼ ቀልድ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዱ የታሰረው በሥራው ነው። ሥራው ከሄደ ፈቃዱ ይሄዳል፣ ፈቃዱ ከሄደ ቤተሰቡ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል። ትልቋ ልጁ ደግሞ ሊሴ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች፤ ባክ የሚሉት የማጠናቀቂያ ፈተናዋ ደርሷል።

"ጋሼ፣ ስትቆም እንዳታጠፋት" አልኩት። "ካጠፋሃት ውስጧ ያለው ሁሉ ይጠፋል። እንዳትነካት፣ ደውልልኝ።"

"ሾፌሮቹ ይበሉኛላ!"

"ይብሉህ።"

ረቡዕ ደወለ። ታክሲ ይዤ በዚያ እሳት ሙቀት ስደርስ ጋሼ ጀርባውን ለሳጥኗ ሰጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሾፌሮቹ በአማርኛም በሶማሊኛም በአፋርኛም ይሰድቡታል። የባሰው ግን አለቃዬ ከእኔ ቀድሞ መድረሱ ነው። "እያየሽ ነው? አስነሳ ስለው እንቢ አለ!" አለኝ። "እኔ ነኝ እንቢ በል ያልኩት" ብል ማን ይስማኝ። ኬብሌን ሰክቼ ዲበገሩን ከፈትኩ።

ዲበገር ማለት የቆመ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ፣ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ወደ ኋላ እየሄደ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ሰፈራችን ያሉ የሶማሌ ሽማግሌዎች እንግዳ ሲያገኙ እንደሚያደርጉት ነው፦ የማን ልጅ ነህ? እሱስ የማን ልጅ? አያቱስ? ዲበገሩም እያንዳንዱን የፕሮግራም ክፍል "ማን ጠራህ?" ይለዋል፣ መልሱን በመስመር ይጽፋል፣ እስከ መጀመሪያው አባት ይወርዳል።

ያን ቀን የታየው ይሄ ነው። ከላይ፦ "የማተሚያውን ቁልፍ እየጠበቅኩ ነው።" ቁልፉን የያዘ ሥራ ብቻ ነው ማተም የሚችለው፤ ሌላው ይጠብቃል። ከሥሩ፦ ማተም። ከሥሩ፦ ደወል። ከሥሩ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ አለቀ።

አለቃዬ በጣቱ ስክሪኑን መታ መታ አደረገው። "ደወል። ደወሉን የሚጫነው ማን ነው?"

"እሱ ነው፣ ግን—"

"በቃ፣ ማሽኑ ራሱ መሰከረ። ቅዳሜ ይሰናበታል።"

ደሜ ፈላ። ግን ከደወሉ በታች ያለውን ዲበገሩ አላሳየኝም። ከአለቃዬ ጋር ያወራነው በፈረንሳይኛ ቢሆንም ጋሼ በደንብ ሰምቷል። "ተጭኛለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ተጫን ስለተባልኩ ተጫንኩ።" የቆመውን ፕሮግራም ማህደረ ትውስታ እንዳለ ላፕቶፔ ላይ ቀዳሁና ሳጥኗን አስነሳናት።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ አርሂባ ሄድኩ፤ ደወሉን ሲጫን ሚዛኑ ላይ ምን እንደነበረ ልጠይቀው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሻንጣውን ነው። በሩ ሥር ቆሟል፣ ታስሯል። ልጅቷ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች።

"እንዴ! ገና ምኑም ሳይታወቅ?" አልኩ።

ሚስቱ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ። "እሱ እንዳይቸኩል ብዬ ነው" አለች። "ሂዱ ሲሉን ሰው እያየን ስንንደፋደፍ አልወድም።" አንጀቴን በላችው።

ጋሼ ያስታውሳል። "አንድ ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ነበር። ወረቀቱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ እንደቀረ ነው ድርቅ ያለችው።" በቃ፣ ገባኝ። ፕሮግራሙ የተሳቢውን ወረቀት ሊያትም የማተሚያውን ቁልፍ ይዟል። ደወሉ ሲመጣ የያዘውን ጣለ፤ ቁልፉን ግን አልጣለም። ደወሉም ሊያትም ያንኑ ቁልፍ ይጠብቃል፣ ባለቁልፉ ደግሞ ደወሉ እስኪጨርስ ይጠብቃል። እስከ ምጽአት ድረስ ይጠባበቃሉ! ግን ይሄ የጋሼ ቃል ነው። አለቃዬ ለጋሼ ቃል ጆሮ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ከደወሉ በታች ያለውን መስመር ማሳየት አለብኝ።

አርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቢሮው ባዶ ነው። ብቻዬን ገብቼ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዲበገሩ ለምን ደወሉ ላይ ቆመ? እንዲህ ነው። ደወሉን የጠራው የፕሮግራሙ ክፍል የለም፤ ያስገባው ሳጥኗን የሚያስተዳድረው ስርዓት፣ ሊኑክስ ነው። ስርዓቱ ይህን ሲያደርግ የተቋረጠውን ሥራ ሬጅስተሮች፣ ማለት ፕሮሰሰሩ በእጁ የያዛቸውን ቁጥሮች፣ በሙሉ ስታክ የሚባለው የማህደረ ትውስታ ክምር ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ደወሉ ሲጨርስ እንዲመለስበት የአንዲት ቁራጭ ኮድ አድራሻ ይሰጠዋል። የቁራጯ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ "ጨርሻለሁ፣ የነበረውን መልስ" ብላ ለስርዓቱ መንገር። አባት የላት፣ ስም የላት። ዲበገር የሚያውቃት በመልኳ ነው፦ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ እነዚያ ትእዛዞች ምን እንደሚመስሉ ተነግሮታል። ማህደረ ትውስታውን አንብቦ መልኳ ልክ ከሆነ "እዚህ ሲግናል ገብቷል" ይልና የተቀመጡትን ሬጅስተሮች አንስቶ የዘር ቆጠራውን ይቀጥላል። ካላወቃት የጥያቄ ምልክት ይጽፍና ይቆማል።

የእኔን ዲበገር ምንጭ ኮድ ከፍቼ የሚያውቃትን መልክ አየሁ፦ አንድ ትእዛዝ፣ የጥሪው ቁጥር እዚያው ውስጡ ያለ። ከሳጥኗ የቀዳሁትን ደግሞ አየሁ፦ ሁለት ትእዛዝ። አንደኛው የዚያኑ ጥሪ ቁጥር፣ መቶ አስራ ዘጠኝን፣ ሰባተኛው ሬጅስተር ውስጥ አስገባ ይላል፣ ሁለተኛው ስርዓቱን ጥራ። ወይ ጉድ! የሳጥኗ ሊኑክስ አዲሱን የአጠራር ስምምነት ይከተላል፣ የእኔ ዲበገር የሚያውቀው የድሮውን ነው። ያቺው ቁራጭ ናት፣ አለባበሷን ቀይራ ነው የመጣችው፤ ይሄ ደግሞ ደጅ አስቁሟት "አላውቅሽም" ይላል። ለብቻዬ እየሳቅኩ አዲሱን መልክ ጻፍኩለት። መልኳን ማወቁ ብቻ ግን አልበቃም፤ ሬጅስተሮቹ ስታኩ ላይ የት እንደሚጀምሩም መንገር ነበረብኝ። ቸኩዬ አሳስቼ ነገርኩትና የማይሆን ዘር ቆጠረልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሰደብኩት፣ ራሴን ሰደብኩ፣ አስተካከልኩ። ከሰዓት በኋላ መጣልኝ፦ ደወል፣ ከሥሩ "እዚህ ሲግናል ገብቷል"፣ ከሥሩ የተሳቢው ወረቀት፣ ከሥሩ ሚዛኑ፣ ከሥሩ የሁሉም አባት። እልል ብል የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ታዲያ ባይጫነው ኖሮ?" አለ።

"የጫቱ መኪና ሰልፍ ይይዝ ነበር። ያኔ አንተ ራስህ ትመጣበት ነበር።"

ሳቀ፣ ፊቱን በእጁ ጠረገ። "ይቆይ" አለ። "ግን ዛሬ ጫቱ ሲያልፍ ቆሜ አያለሁ።"

ደወሉን ቀየርኩት። ሲግናሉ ሲመጣ ምንም እንዳያትም፣ "ጫት መጥቷል" ብሎ ምልክት ብቻ አድርጎ እንዲመለስ፤ ፕሮግራሙ የያዘውን ወረቀት ጨርሶ ያስተናግደዋል። አብረን ፔካ 12 ወረድን። ጋሼ ይቆይ መባሉን ስነግረው ፊቱ አልተፈታም። "እስኪ አሳዪኝ። እኔ የቱ ጋ ነኝ?" አለኝ።

ደወሉን በጣቴ አሳየሁት።

"ከእኔ በታችስ?"

"የተሳቢው ወረቀት። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር።"

ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ ነካ። "ብቻዬን አልነበርኩማ" አለ። "እኔ'ኮ ልጄ፣ እጄ የሆነ ነገር እያበላሸ መስሎኝ ነበር። ስጫን አይኔን እጨፍን ነበር።"

ወዲያው ጥሩምባው ተሰማ። ሚዛኑ ላይ ተሳቢ ቆሟል፣ ወረቀቱ መውጣት ጀምሯል። ጋሼ ጣቱን ደወሉ ላይ አድርጎ አየኝ።

"ተጫነው ጋሼ።"

ተጫነ። ወረቀቱ መውጣቱን አላቆመም። የጫቱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መሳደብ ጀመረ፤ የጫት መኪና ሲጠብቅ ማንም አይቶ አያውቅማ። ወረቀቱ አለቀ፣ የጫቱ ወረቀት ተከተለ፣ የጎኑ ብረት ተነሳ። አለቃዬ የጫቱን መኪና ተከትሎ ወደ ከተማ ነዳ።

ጋሼ ስልኩን አወጣ። ጀርባውን ሰጠኝ፣ ድምፁን ግን መቀነስ አላወቀበትም።

"ሄሎ... እኔ ነኝ። ሻንጣውን ፍቺው።" ትንሽ አዳመጠ። "አታልቅሺ እንጂ አቦ፣ ልጅቷ እያጠናች ነው። ፍቺው ብቻ።"

ቀጥሎ ሌላ ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ጋሼ አይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ክብደቱን ማንበብ ጀመረ።