ከአልጋ ሥር የነበረው ጭቃ

ባለቤቴ የደምቢያ ልጅ ነበረች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቆላ ድባ ወርጄ አግብቼ ጎንደር አመጣኋት። ከተማው አልከፋትም፤ የናፈቃት ውኃው ነበር። ክረምት እናቷን ልትጠይቅ በወረደች ቁጥር፣ ሜዳው ላይ ከሚተኛው ኩሬ በነጠላዋ ጫፍ እያጠለለች ጥቃቅን ዓሣ ትይዝና በቅል ውኃ ታመጣለች። ጣሊያን ጥሎት የሄደ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነበረን፤ ከኩሬው ጭቃ ጨምራ እዚያ ታኖራቸዋለች። ከጥፍር አይበልጡም፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ጎናቸው ሰማያዊ ይሆናል።

እኔ የፊደል መምህር ነኝ። «ደብሩ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ይሟገታል፣ እኔ ቤት ይቀለባል» እያልሁ አሾፍባት ነበር። ትስቅብኛለች። በጋ ሲገባ ዓሦቹ አለቁ። ጭቃውን ልደፋው ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት፣ አያ። እንቁላላቸው ጭቃው ውስጥ ነው። በኛ አገር ኩሬው ደርቆ ይከርምና ዝናብ ሲጥል ዓሣው ይነሣል።»

እርጥቡን ጭቃ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በማሰሮ ከአልጋ ሥር አኖረችው። ሐምሌ ላይ የዝናብ ውኃ ስታፈስበት ዓይን ብቻ የሆኑ ጫጩቶች ተንቀሳቀሱ። ትንሣኤ ሙታንን ሳስተምር የኖርሁት ሰውዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ኋላ አንድ መስከረም ወርዳ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። ጠበሉም መድኃኒቱም አልሆናትም። የዚያን ዓመት ጭቃ ተኝታ እያለች ራሷ ጠቀለለችው።

«ሐምሌ ሲገባ የዝናብ ውኃ ያፍስሱበት፤ የምንጭ እንዳያደርጉ። አደራዎን» አለችኝ።

ብዙም አልቆየች። ልጅ አልነበረንም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከእሷ የቀረኝ ያ ማሰሮ ብቻ መሰለኝ፤ ቅጠሉ እንዳይደርቅ ውኃ እያስነካሁ ሐምሌን እጠብቅ ጀመር።

የአርባዋ ተዝካር ሲደርስ ካህናቱን ልጠራ ወጣሁ። ስመለስ ጎረቤት ሴቶች በአገሩ ወግ ተሰብስበው፣ ለእንግዳው ቤቱን ጠርገው፣ የተፈረፈረውን መደብ ለቅልቀው ጠበቁኝ። ማሰሮው ታጥቦ ደጅ ተደፍቷል። አሮጊቷ ጎረቤታችን እጇን በቀሚሷ ታብሳለች።

«ነፍሷን ይማር፣ የኔታ። መደቡን ልትለቀልቅ ኖሯል መሰል፣ ጭቃ አቡክታ ከአልጋው ሥር አኑራለች። ሸጋ ጭቃ ነው። የጀመረችውን ጨረስንላት።»

በደግነት የደከመን ሰው ምን ይሉታል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ከዚያ አለቀስሁ፤ የቀብሯ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም። ሴቶቹም ለተዝካሩ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። እንግዶቹ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜ አስተናገድሁ።