አባዬ የሠራው ሳሙና

ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ልጅቷ ለሽበቴ ቀለም ስትበጠብጥ አሞኒያው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀለሙ ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሚዛን ተፈሪ፤ ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ የጠፋ ሰሞን። ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። የኬሚስትሪ መምህር የነበረው አባዬ ሳሙና የሚያጸናውን ኮስቲክ ሶዳ ቢያጣ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ያገኘውን ሞራ የመሰለ የስብ አሲድ አቅልጦ አሞኒያ ጨመረበት። ነጭ፣ ለስላሳ ሳሙና ሆነለት። ስታጠብበት አረፋው ክርኔ ደረሰ።

እማዬ ግን ቀማችን። "ይሄ የልጄ ነው። ሲመጣ ይታጠብበታል" አለችና፣ ሳሙና ሲደርቅ ይበረታል ብላ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ አኖረችው።

አባዬ ቆጡን እያየ፣ "አሞኒያ ሙቀት አይችልም፤ ጥሎ ይሄዳል። የሚቀረው ስቡ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ንገራት!"

"ተያት። የምትጠብቀው ነገር ይኑራት።"

ስለ ሳሙናው ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የወንድሜ መርዶ መጣ። ለቀስተኛው ሲበተን እማዬ ሳሙናውን አወረደች። የወንድሜን ሸሚዝ ዘፍዝፋ አሸችበት፤ ደግማ አሸችበት። አረፋ የለም፣ ሽታው እንኳ የለም። ውሃው ላይ ስብ ብቻ ተንሳፈፈ።

"ይሄም ሄደ?" አለች ቀና ብላ አባዬን እያየች።

"እትዬ፣ ሽታው አስቸገረዎት እንዴ?" አለችኝ የፀጉር ቤቷ ልጅ። "አይዞዎት፣ ቶሎ ይሄዳል።"

"አውቃለሁ" አልኳት።