ከቀዩ መስመር በታች ያለው ቤንዚን

መኪናዋ የሁለቱም አይደለችም። ነጭ፣ ባለአራት በር፣ የኋላ ወንበሯ በአንድ በኩል የረገበ ታክሲ ናት። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ላቫጆ ትነዳታለች፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ፕሮፌሰር። ሁለቱም ስሞች የወጡት ነዳጅ ማደያው ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ላቫጆ የተባለችው ሹፌር ከመሆኗ በፊት ማደያው ጀርባ ባለው የመኪና እጥበት ስድስት ዓመት ስለሠራች ነው። መንዳት የተማረችውም እዚያው፣ የታጠቡትን መኪኖች ከውሃው ወደ ጥላው፣ ከጥላው ወደ በሩ እያንቀሳቀሰች ነበር። ለረጅም ጊዜ የምታውቀው አንደኛ ማርሽን ብቻ ነው። ሁለተኛ ለማስገባት ግቢው አይበቃም ነበር።

ፕሮፌሰር ደግሞ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው። ስሙን ያገኘው የቀረው ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ጌጁን ሳያይ ስለሚናገር ነው። «ሰባት ኪሎ ሜትር ከምናምን» ይላል፤ ሰባት ኪሎ ሜትር ከምናምን ላይ መኪናዋ ትቆማለች።

በመካከላቸው ያለው ስምምነት አጭር ነበር፤ እያንዳንዱ የቀዳውን ቤንዚን ራሱ ይጨርሳል። ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ፣ ሁለቱም የሥራ ሰዓታቸው ሲያልቅ አንድ ብርጭቆ እንኳ ለሌላው ትቶ መውረድ እንደ ሞኝነት ይቆጥሩት ነበር። ስለዚህ ሁለት ሊትር፣ ሦስት ሊትር፣ ሲበዛ አራት ሊትር እያሉ ይቀዳሉ። ላቫጆ ቀትር ላይ መኪናዋን ልታስረክብ ወደ ማደያው ስትመጣ ብዙ ጊዜ ሞተሩን አጥፍታ፣ ከማደያው በላይ በኩል ያለውን ቁልቁለት በነጻ ተንደርድራ ነው የምትገባው። ፕሮፌሰር በበኩሉ ማታ ባለመኪናዋ ግቢ ውስጥ የሚያቆማት፣ ጠዋት እስከ ማደያው ለመድረስ በምትበቃ ጠብታ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስሌቱ በሁለት መቶ ሜትር ተሳስቶ ላቫጆ ጎህ ሳይቀድ ስትገፋ አንግታለች። ተሳስቶ ይሁን ተሳክቶለት እስከ ዛሬ አልተናገረም።

የማደያዋ ቀጂ ሰውን የምታውቀው በሚመላለስበት ልክ ነው። ሰኞ ጠዋት ሞልቶ እስከሚቀጥለው ሰኞ የማይታይ የመድኃኒት ቤት ባለቤት አለ። የጌጁ መብራት ከበራበት ከሁለት ቀን በኋላ እየተሳቀቀ የሚመጣ መምህር አለ። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ እንቅልፍ የሚነሳቸው አሮጊትም አሉ፤ የጎደለውን ሞልተው፣ መርቀዋት ይሄዳሉ። ይህቺ ነጭ ታክሲ ግን በቀን ዘጠኝና አስር ጊዜ ትመጣለች።

«እታለም፣ እኔ እንኳ እዚህ ተቀጥሬ እንዳንቺ አልገባም አልወጣም» ትላታለች ቀጂዋ ላቫጆን።

«ሁለት ሊትር አድርጊልኝ።»

«ሁለት ሊትር ለመኪና ነው ለፋኖስ?»

የመጀመሪያው ብልሽት የደረሰው ፕሮፌሰር ላይ ነው። ፓምፑ ተቃጠለ ተባለ፣ ተቀየረ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው ላቫጆ ላይ ደረሰ፤ ድልድይ መሃል፣ ሦስት ተሳፋሪ ጭና፣ ከኋላዋ የመኪና ሰልፍ ጡሩምባውን እየነፋ። ከማደያው አጠገብ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ መካኒክ የተቃጠለውን ፓምፕ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይኼ ዕቃ ታንኩ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ልጄ። የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። እናንተ ሁልጊዜ ታጎድሉበታላችሁ፤ ይግላል። ደግሞ ከሥር የተኛውን ዝቃጭ ይጠጣል። ፊልትሮውን እዪው፣ የቤንዚን ሳይሆን የአተላ ማጥለያ ነው የሚመስለው።»

«ስንት ቢኖርበት ነው ደህና የሚሆነው፣ ጋሼ?»

«ግማሽ ካላት ምን ቸገራት። ብቻ ግማሽ የሚኖራት እናንተ እጅ ላይ አይደለም።»

የመኪናዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። እሑድ ጠዋት ሁለቱንም ግቢያቸው አስጠርተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ቆመው እንዲሰሙ አደረጓቸው።

«እናንተ ልጆች፣ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቅሁ። ሦስተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ከቆመች እሸጣታለሁ። ገዢ አለኝ። ማን ጀመረ፣ ማን ገፋ፣ አልሰማም።»

በር ላይ ሲደርሱ ፕሮፌሰር ሳቀ። «ወላጅ ይዛችሁ ኑ አለማለታቸውም አንድ ነገር ነው።»

ላቫጆ አልሳቀችም። ለፕሮፌሰር ሌላ መኪና አይጠፋም፤ ሃያ ዓመት ነድቷል፣ ባለመኪኖች ያውቁታል። እሷን ግን ከዳይሬክተሯ በፊት አሥራ አንድ ባለመኪና እምቢ ብሏታል። አንዱ «መኪና ታጥቢያለሽ እንጂ ትነጃለሽ?» ብሎ ፊት ለፊቷ ስቋል። ይህች ታክሲ ከተሸጠች የሚጠብቃት ስፖንጁ ነው፤ ጣቶቿን በየክረምቱ ይሰነጥቅ የነበረው ቀዝቃዛ ውሃና የቦቲ ጫማው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጇን ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ ግቢው ተመለሰች። የጌጁ መስታወት ላይ፣ ልክ ግማሹ ጋ፣ ቀጭን መስመር አሰመረች። ሰኞ በራሷ ብር ሃያ ሊትር ቀድታ መርፌዋን መስመሩ ላይ አደረሰቻት። ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን ደግሞ ከዚያ በላይ ጨመረች። ቀትር ላይ ቁልፉን ስታቀብለው አሳየችው።

«ከቀዩ በታች ያለው የእኔም አይደለም፣ የአንተም አይደለም፤ የመኪናዋ ነው። ከቀዩ ላይ ጀምር፣ ቀዩ ላይ አስረክበኝ።»

ፕሮፌሰር ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየው፤ ቀና ብሎ እሷን አየ። «ጥፍር ቀብተሻታል። ከንፈርስ?»

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ፣ እህቴ። እግዜር ይስጥልን።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድም ጊዜ ማደያ ሳይረግጥ ዋለ። ማክሰኞ ንጋት ላይ መርፌዋን ባዶው ላይ ተኝታ አገኘቻት። ላቫጆ እንደገና ሃያ ሊትር ቀዳች። ረቡዕም እንዲሁ። ማታ ቤት ውስጥ ባሏ፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ የስፌት መኪናውን አቁሞ ተመለከታት።

«አንቺ ሴት፣ ለሰው መኪና፣ ለሰው ሹፌር፣ የራስሽን ቤንዚን?»

«ስትሸጥ ስፖንጅ ልይዝ ነው?»

«ታዲያ ንገሪያ። ለሴትዮዋ ንገሪያት።»

«ለሴትዮዋ ከነገርኩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ መኪናዋ ግን ያው ትቆማለች።» ጫማዋን አወለቀች። «ነገ ማታ አመሻለሁ። እራት ብሉ።»

ሐሙስ ምሽት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የዳይሬክተሯ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ፕሮፌሰር ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ተሳፋሪ ነኝ።» በሩን ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። «ማደያ አድርሰኝ።»

«ጨርሻለሁ።»

«ቤንዚኑንም ጨርሰሃል። እያት መርፌዋን።»

«አልቀዳም።»

«እሺ» አለችና ቀበቶዋን አሰረች።

ሞተሩን አጥፍቶ ክንዱን አጣጠፈ። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። አንድ ጎረቤት አልፎ ሄዶ፣ ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ። እነሱ እንደተቀመጡ ናቸው። በመጨረሻ ከቤቱ መስኮት የዳይሬክተሯ ድምፅ መጣ።

«እናንተ ልጆች፣ እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እያጠናን ነው፣ እትዬ!» አለ ፕሮፌሰር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ የምትተይ አይደለሽም አይደል?»

«አይደለሁም።»

መኪናዋን አስነሳ። ቀጂዋ ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ቱቦውን እንደያዘች ቀረች። «ታረቃችሁ?» «አይ፣ ታግቼ ነው» አላት ፕሮፌሰር። መርፌዋ ቀዩ ላይ እስክትደርስ ላቫጆ ዓይኗን ከጌጁ አልነቀለችም። ከዚያ አመስግና፣ ወርዳ፣ ሃያ ደቂቃ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

አርብም መጣች፣ ቅዳሜም። ሰኞ ሊያመልጣት በኋላ በር በኩል ሊገባ ሞከረ፤ እዚያ ቆማ ነበር። ማክሰኞ በመንገዱ ሁሉ ሲነጫነጭ፣ «ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትጠብቀኝም» አላት። «ሚስትህ ጌጅ የላትም» አለችው። ፈገግታውን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ስፖኪዮው አዞረ። ግን አሁንም መርፌዋን ቀዩ ላይ አድርጎ አንድም ቀን አልመጣም። እሷ ካልተቀመጠች አይቀዳም ነበር።

ረቡዕ ምሽት፣ ማደያው ሊደርሱ ዳገቱ መሃል ላይ፣ መኪናዋ አሳለች። አንድ ጊዜ፣ ደግማ፣ ከዚያ ሞተሩ ተንዘፈዘፈና ጠፋ። ፕሮፌሰር ፍሬን ይዞ ወደ ጠርዙ አስጠጋት።

«አራት ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ አለ» አለ። «አራት ኪሎ ሜትር። እርግጠኛ ነኝ።»

ላቫጆ ቀበቶዋን ፈታች። ሦስተኛው ነው። ገዢ አለኝ ያሉት ሴትዮ፣ ስፖንጁ፣ የቦቲ ጫማው፣ ሁሉም እዚያ ዳገት ላይ ነበሩ። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ውረድ። እንገፋለን።»

«ዳገት ነው እኮ።»

«ጋራዡ ከዳገቱ ላይ ስለሆነ ነው።»

ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን መኪናዋ ላይ ያሳረፉት ያን ምሽት ነው። እሱ መሪውን በመስኮት ይዞ በትከሻው፣ እሷ ከኋላ በሁለት መዳፏ። ሲደክማቸው ከጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቁ ያርፋሉ። መካኒኩ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ደረሱባቸው። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ቱቦውን ነቀሉ፣ ፊልትሮውን አወጡ። ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ እንደ ንብ ጥዝዝ አለ።

«ፓምፑ ደህና ነው» አሉ። «ፊልትሮው ነው የታፈነ። የድሮው ዝቃጭ ነው፤ ታንኩ ሲሞላ ሲጎድል ተማስሎ ተነሳ። ይህን ቀይሬላችሁ ትሄዳላችሁ። ታንኩ ካልታጠበ ግን ከሳምንት በኋላ ያው ነው።»

«እኔ አጥበዋለሁ» አለች ላቫጆ።

ለዳይሬክተሯ የነገረቻቸው እሷው ናት፤ በማግስቱ ንጋት፣ ቁልፉን ልትወስድ ስትመጣ። መኪናዋ ቆማ እንደነበር፣ ፊልትሮ እንደሆነ፣ ታንኩን ቀትር ላይ አውርደው እንደሚያጥቡ። ዳይሬክተሯ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ በረንዳው ላይ ቆመው አዳመጧት።

«ሦስተኛ አይደለም ይኼ?»

«ነው፣ እትዬ። ግን የድሮው ጥፋት ትራፊ ነው። ሦስት ወር ይስጡኝ። ከቆመች ራሴ ለገዢው አጥቤ አስረክባታለሁ።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሦስት ወር» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን አልጨምርም።»

ቀትር ላይ ታንኩ ወረደ። ላቫጆ እጅጌዋን ሰብስባ በጥቂት ቤንዚን ደጋግማ አንቀረቀበችው፤ የመኪና ሆድ የማታውቅ ሴት አይደለችም። ከውስጡ የወጣውን መካኒኩ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ተቀበሉት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የዝገት ፍርፋሪ ያለበት ነገር ቆርቆሮውን እስከ አፉ ሞላው። ፕሮፌሰር እግሩ ሥር ያለውን ቆርቆሮ ጎንበስ ብሎ አየ። በእንጨት ነካካው።

«ስንት ሊትር ይሆናል፣ ጋሼ?»

«ሁለት። ትንሽ ቢያልፍ ነው።»

«ስሌቴ ውስጥ ሁለት ሊትር ጭቃ ነበር ማለት ነው» አለ ፕሮፌሰር፣ ለማንም ሳይሆን።

ምሽት ላይ ላቫጆ እንደለመደችው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። መኪናዋ መጣች፣ ቆመች። በሩን ከፍታ ተቀመጠችና መርፌዋን አየቻት። ቀዩ ላይ ነበረች። እሱ በመስታወቱ አሻግሮ እያየ ቁልፉን ዘረጋላት። «ተሳፋሪ አልጭንም ዛሬ» አለ።

በማግስቱም፣ በሳልስቱም መጥታ አየች። አንድ ሳምንት ሙሉ አንድም ምሽት አልቀረችም። ከዚያ በኋላ መምጣቷን ተወች።

ቀጂዋ አሁን ነጯን ታክሲ በቀን ሁለት ጊዜ ታያታለች፤ አንዴ ቀትር፣ አንዴ ምሽት። «ተቀየማችሁኝ እንዴ?» ትላለች። ሦስቱ ወር ያለቀው ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ ንጋት ቁልፉ እንደ ወትሮው በረንዳው ላይ ባለው ሚስማር ተንጠልጥሎ ነበር።

ላቫጆ መኪናዋ ውስጥ ገባች። የጥፍር ቀለሙ በጨርቅ መወልወል ብዛት ደብዝዞ ስለነበር የልጇን ጠርሙስ ኪሷ ውስጥ ይዛ መጥታለች። ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረችና ጌጁ በራ። መስታወቱ ላይ አዲስ መስመር ነበር፤ ነጭ፣ ጎማ ላይ ቁጥር በሚጻፍበት ዓይነት ቀለም፣ እንደ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስዕል የተንጋደደ። ያረፈውም እሷ ካሰመረችበት ከፍ ብሎ ነው። መርፌዋ ነጩን ነክታ ቆማለች።

ጠርሙሱን ወደ ኪሷ መለሰችው፤ ሞተሩን አስነሳች፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ከግቢው ወጣች።